ሻሩክ ካን በናሳው ፊልም የወሰደው የትኛውን ሽልማት ነው?

የኮዬ ልጅ
ሰላም ቤተሰብ፣ እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለሰፈር ልጆች የጠቅላላ እውቀት ውድድር እያዘጋጀን ነው፣ አንዱ ዙር ስለ ህዋ ስለሆነ ከህንድ ፊልም ጋር ላያይዘው አሰብኩ ምክንያቱም ሰፈሩ በሙሉ የህንድ ፊልም ወዳጅ ነው። ሻሩክ ካን የናሳ ኢንጂነር ሆኖ የሰራበት ስዋዴስ አለ አይደል፣ ጓደኛዬ በሱ የመንግስት ሽልማት ወስዷል ይላል እኔ ፊልምፌር ነው እላለሁ፣ ደግሞስ ሁለቱ ይለያያሉ? ቅዳሜ ነው ውድድሩ፣ ቶሎ በሉልኝ።

የቱሉ ዲምቱዋ
ይለያያሉ እንጂ! ፊልምፌርን የሚሰጠው በዛው ስም የሚታወቀው መጽሔት ነው፣ ያቺ ጥቁሯ የሴት ሐውልት ማለት ናት። ብሔራዊው ግን የህንድ መንግስት ነው። ሁለቱም 1954 ላይ ስለተጀመሩ (በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሰው ቢያምታታቸው አይገርምም። ስዋዴስ 2004 ወጣ፣ ሻሩክ በሱ የምርጥ ተዋናይ ፊልምፌር ወሰደ፣ የዛን ዓመት ፊልሞች ብሔራዊውን የወሰደው ግን ሳይፍ አሊ ካን ነው። ሻሩክ 8 ጊዜ ፊልምፌር በምርጥ ተዋናይነት አግኝቶ ከዲሊፕ ኩማር እኩል የሆነ ሰውዬ ብሔራዊውን ያገኘው ገና 2025 ላይ በጃዋን ፊልም ነው፣ እሱንም ከቪክራንት ማሴ ጋር ተካፍሎ። እኔ ግን ለስዋዴስ ይገባው ነበር ባይ ነኝ፣ እንደዛ ረጋ ብሎ የተወነበት ፊልም የለውም።

ሮኬት ከሰበታ
በስዋዴስ ላይ አንድ ልጨምር፣ ፊልሙ ውስጥ የሚሰራበት ዝናብ የሚለካ ሳተላይት ፕሮጀክት የፈጠራ አይደለም፣ ናሳና ጃፓኖቹ እውነት ሰርተውት 2014 ላይ ከጃፓን ተወንጭፏል። ፊልሙ ከወጣ 10 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው።

ለኔ ግን ምርጡ ጥያቄ ሌላ ነው። የህንዷ መንኮራኩር ቻንድራያን 3 ጨረቃ ደቡብ ዋልታ አጠገብ ያረፈችው ኦገስት 23 2023፣ በኛ ነሐሴ 17 2015፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በነጋታው የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ይፋ ሲሆን ምርጥ ፊልም የተባለው ማን ነው? ሮኬትሪ! ማድሃቫን ራሱ ዳይሬክት አድርጎ ራሱ የተወነበት፣ የናምቢ ናራያናን ታሪክ። ሰውየው ቪካስ የሚባለውን የሮኬት ሞተር ከሰሩት አንዱ ነው፣ 1994 ላይ የሮኬት ሚስጥር ሸጧል ተብሎ በሐሰት ታሰረ፣ 2018 ላይ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሳ ይከፈለው አለ። እና ቻንድራያን 3ን ያወጣው ሮኬት ላይ 2 ቪካስ ሞተሮች ነበሩ። ይህን ሳስብ ሁሌ ውስጤ ይነካል፣ ሰውየው ይህን ሁሉ በህይወት እያለ አየው።

መምህር ከቡራዩ
ልጆቼ ጥሩ ነው፣ የራሳችንን ግን አትዝለሉ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ 1 ዲሴምበር 20 2019 ከቻይና ነው የመጠቀችው፣ ምድርን ለመቃኘት፣ መቆጣጠሪያው ደግሞ እንጦጦ ላይ። እንጦጦን የማያውቅ ልጅ የለም፣ እዛ ኦብዘርቫቶሪ (የህዋ መመልከቻ) እንዳለ ግን ስንቱ ያውቃል፣ በሱ ጀምርላቸው።

የኮዬ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ ሁላችሁም ተባረኩ። የሮኬትሪዋን ለመጨረሻው ዙር አደርጋታለሁ፣ የስዋዴሱን ደግሞ "የትኛውን ሽልማት ወሰደ፣ ሰጪውስ ማነው?" ብዬ ለሁለት ነጥብ እጠይቃለሁ።