2,000 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ ለጀማሪ አርክቴክት ያዋጣል?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አርክቴክቸር ጨርሼ አነስተኛ ዲዛይን ቢሮ ተቀጥሬያለሁ፤ ማታ ማታ የራሴን ሥራ መያዝም ጀምሬያለሁ። ከተማሪነቴ ጀምሮ ያለኝ ላፕቶፕ ራሙ (የተከፈቱ ሥራዎችን የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ) 8 ጂቢ ነው፣ ምስል የሚያቀናብር የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለውም። የሕንፃ ሞዴል የምንሠራበት ሬቪት ላይ ከበድ ያለ ሞዴል ስከፍት ቀጥ ይላል፤ ሞዴሉን ፎቶ ወደሚመስል ምስል የሚቀይረውን ሉሚዮንን ጨርሶ አይችለውም። ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ ለመስቀል ስትመጣ ይዛልኝ ልትመጣ ነው፤ ግማሹን እሷ ትከፍላለች፣ ግማሹን እኔ ከእቁቤ። ያየሁት ማሽን 2,000 ዶላር አካባቢ ነው። አባቴ «በዚህ ገንዘብ ሰው ሱቅ ይከፍታል» ይላል፤ የቢሮ ልጆች «ያለሱ የትም አትደርሺም» ይላሉ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ቪዲዮ ኤዲተሩ፦ እህቴ፣ ግዢው። ከሥራ መሣሪያ ላይ አይቆጠብም። ቀርፋፋ ማሽን ሬንደር ሲያደርግ፣ ማለትም ሞዴሉን ወደ ምስል ሲቀይር፣ ያድራል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት ይሄዳል፣ ባትሪው ትንሽ ይታገልና ያልቃል፣ ጠዋት ስትነሺ እንደገና ከመጀመሪያው። ፈጣኑ ማሽን ያንኑ ሥራ መብራት ሳይጠፋ ይጨርሰዋል። ደንበኛው «የዚህን ግድግዳ ቀለም ቀይሪልኝ» ሲልሽ እዚያው ፊቱ ቀይረሽ ካሳየሽው ሥራው ያንቺ ነው፤ «ነገ እልክልሃለሁ» ካልሽው ሌላ ጋ ይሄዳል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እስቲ በብር እናውራ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ 2,000 ዶላር ያኔ 114 ሺህ ብር ገደማ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ዶላሩ ከ120 ብር አለፈ። በ120 እንኳ ብናሰላው 240 ሺህ ብር ይመጣል። ማሽኑ 4 ዓመት ያገለግላል ብንል በወር 5 ሺህ ብር ነው። ጥሩ ማሽን መሆኑን ማንም አይክድም፤ እኔ የምጠይቅሽ ከደሞዝሽ ውጪ በየወሩ ይህን ያህል የሚያስገባ የማታ ሥራ በእጅሽ እንዳለ ነው። «ይመጣል» የሚባለውን አትቁጠሪ፤ ውል የተፈረመበትን ብቻ ቁጠሪ።

ቪዲዮ ኤዲተሩ፦ ስሌቱ አንድ ነገር ይጎድለዋል። የእቁቡ ብር ቢቀመጥም የመግዛት አቅሙ እየወረደ ነው። ማሽኑ ቢያንስ ይሠራል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ብር እንዳይቀመጥ ተብሎ የማያስፈልግ ነገር አይገዛም ወንድሜ። እኔ የምፈራው ባዶ እጇን ሆና የቤት ኪራይ ሲጨመርባት ነው።

የማክ ተጠቃሚው፦ ማክቡክን ማንም አላነሳውም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ኤም1 ቺፕን ካወጣ ወዲህ ማክቡክ ከሶኬት ተነቅሎም ፍጥነቱ ያው ነው፣ ባትሪው ይቆያል፣ አይጮህም። መብራት ለሚጠፋብን ለእኛ ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ሲቪል መሐንዲሱ፦ ለአንተ ሥራ ይሆናል፤ ለእሷ ግን አይሆንም። ሬቪት፣ ሉሚዮን፣ ስሪዲኤስ ማክስ፣ እኛ መሐንዲሶች የሕንፃ ጥንካሬ የምናሰላበት ኢታብስም ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው። አዲሶቹ ማኮች ላይ ደግሞ ዊንዶውስ ያስነሳ የነበረው ቡት ካምፕ የለም። አርኪካድና ስኬችአፕ የሚባሉት የዲዛይን ፕሮግራሞች ማክ ላይ ይሠራሉ፤ ቢሮው በሬቪት ከሠራ ግን እሷም በሬቪት ናት። የኔ ምክር ዴስክቶፕ ነው። በዚያው ብር የበለጠ አቅም ታገኛለች፣ አየር እንደልቡ ስለሚገባው አይግልም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ግራፊክስ ካርዱን ብቻ ነቅላ ትቀይራለች።

ጠያቂዋ፦ ዴስክቶፑን አስቤው ነበር። ግን የምኖረው በኪራይ ነው፣ ቤት በለቀቅሁ ቁጥር ተሸክሜው ልዞር ነው። ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) መብራት ሲሄድ እዚያው ጥርቅም ይላል። አክስቴም ሻንጣዋ ውስጥ አትከተውም።

መምህሩ፦ ከልጅቷ ጉዳይ ትንሽ ሰፋ ላድርገው። አርክቴክቸር አስተምራለሁ። ተማሪዎች ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳሉ ነው ወላጆቻቸውን ስለ ላፕቶፕ ማስጨነቅ የሚጀምሩት። በሬ ተሽጦ የተገዛ ማሽን ይዞ የመጣ ልጅ አስተምሬያለሁ። ይህ ሁሉ የሚሆነው የግምገማ ቀን ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ፎቶ የሚመስል ምስል ዓይን ስለሚስብ ነው። ፀሐይ በየት እንደምትገባ ያልታሰበበት፣ ደረጃው ሰው የማያስወጣ ቤት በሉሚዮን ሣርና ደመና አጊጦ ጥሩ ውጤት ያገኛል። ፕላኑን በእርሳስ አስተካክሎ ያወጣው ልጅ ደግሞ «አቀራረቡ ደከም ያለ ነው» ይባላል። ሉሚዮን የሚጠይቅ ትምህርት ክፍል ሉሚዮን የሚችሉ ማሽኖች ያሉበት ላብራቶሪ፣ ማታም ክፍት የሆነ፣ ማቅረብ አለበት። ይህን ሳያደርግ በምስል ውበት ነጥብ መስጠት ልጆችን በወላጆቻቸው ኪስ መመዘን ነው፤ እኔ በፍጹም አልቀበለውም።

ተመራቂው፦ መምህር፣ ያሉት እውነት ነው። ግን ውጭ ስንወጣ ቢሮዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁን «ሬንደር ትችላለህ?» ብለው ነው። ቀጥሎ «የራስህ ላፕቶፕ አለህ?» ይላሉ። እስኪስተካከል ድረስ የሌለው ሰው ምን ይሁን?

መምህሩ፦ ቀጣሪውም ማሽን የማቅረብ ግዴታ አለበት እላለሁ። አናጺ እንኳ መጋዝ ይዞ ሲመጣ የመጋዙ ዋጋ በሂሳቡ ውስጥ ይገባለታል።

ጠያቂዋ፦ የኛ ቢሮ የራሱ ኮምፒውተር አለው፤ ግን ለቢሮ ሥራ ብቻ ነው፣ ማታ ለግል አይፈቀድም። ልክም ናቸው።

ላፕቶፕ ጠጋኙ፦ መገናኛ አካባቢ ላፕቶፕ እጠግናለሁ፤ እስካሁን ማንም የልጅቷን ማሽን አልመረመረም። እህቴ፣ በመጀመሪያ ክዳኑን አስፈትሺውና ክፍት የራም ማስገቢያ እንዳለው እዪ። ሬቪት ከባድ ሞዴል ላይ ቀጥ የሚለው ብዙ ጊዜ ራም አልቆበት ነው። 8 ጂቢውን 16 ወይም 24 ማድረግ ከአዲስ ማሽን ጋር የማይወዳደር ወጪ ነው።

ሬቪት ላይ ሞዴል ስትሠሪ አብዛኛው ትእዛዝ የሚፈጸመው በአንድ ኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ አንድ የሥራ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ለብዙ ኮር የምትከፍዪው ተጨማሪ ዶላር እዚያ ላይ እምብዛም አይታይም። ሉሚዮን ግን ግራፊክስ ካርዱን ነው የሚፈልገው፤ ለሱ ጥሩ ካርድ የግድ ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። አርቲኤክስ 4060 የተባለው የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ የላፕቶፑ አምራች እንደፈቀደለት ከ35 እስከ 115 ዋት ይሠራል። ሁለት ላፕቶፖች ላይ አንድ ስም ተለጥፎ አንዱ ሌላውን በሰፊው ይቀድመዋል። ቀጭኑና ውዱ ከወፍራሙና ርካሹ ሊያንስ ይችላል፣ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚወጣበት የለውም። ይህ ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች አሜሪካ ውስጥ 1,000 ዶላር አካባቢ ሲሸጡ ቆይተዋል። ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ በብዛት የሚሄደው ለስክሪን፣ ለአሉሚኒየም አካልና ለቅጥነት ነው።

ለኤዲተሩም፦ እንዲህ ያለ የዊንዶውስ ማሽን ሬንደር ላይ እያለ መብራት ሲጠፋ ፍጥነቱ ይወርዳል። ባትሪውም አውሮፕላን ላይ ያለምንም ፈቃድ እንዲገባ ከ100 ዋት ሰዓት አይበልጥም፤ ካርዱ ብቻውን 100 ዋት ቢበላ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም።

ቪዲዮ ኤዲተሩ፦ የዋቱን ነገር እቀበላለሁ። ግን ስክሪንን እንደ ጌጥ አትቁጠረው። ቀለምን አዛብቶ በሚያሳይ ስክሪን ላይ የመረጠችው ግድግዳ ሲታተም ሌላ ይሆናል።

ላፕቶፕ ጠጋኙ፦ እሱ ልክ ነው። ስክሪኑ ቀለምን በትክክል የሚያሳይ መሆኑን ሳትጠይቅ እንዳትገዛ።

ተመራቂው፦ እዚሁ ያገለገለ ብትገዛስ? ኮር አይ 7 ፕሮሰሰር ያለው በደህና ዋጋ ይገኛል።

ላፕቶፕ ጠጋኙ፦ «ኮር አይ 7» ብቻውን ምንም አይነግርህም። 7ኛው ትውልድ ላይ አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮር ነው ያለው፤ ቀጥሎ በ8ኛው ትውልድ የመጣው፣ በስም ዝቅ ያለው አይ 5-8250ዩ አራት አለው። ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶች በቀር ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበሉም፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ሻጩ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ካላሳየህ አትግዛ።

ጠያቂዋ፦ ዛሬ አስፈትቼ መጣሁ። አንድ ክፍት ማስገቢያ አለው። ራሙን እጨምርበታለሁ፣ ለአክስቴም 1,200 ዶላር እንዳያልፍ ነግሬያታለሁ። አባቴ አሁንም አልተዋጠለትም፤ ከእቁቡ የሚተርፈውን ለኪራይ አስቀምጣለሁ ስለው ግን ዝም አለ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እኔ ብሆን ራሙን አስገብቼ ቢያንስ አንድ የተፈረመ ውል እስካገኝ እጠብቅ ነበር። አክስትሽ ለሌላ ጊዜም ትመጣለች።

ቪዲዮ ኤዲተሩ፦ ውሉን የሚያመጣው እኮ ያ ምስል ነው። ሳታሳይው ማን ይፈርምልሻል?

ጠያቂዋ፦ እኔም ወደዚህ አደላለሁ። አክስቴ ስትገዛ ምን ምን ታረጋግጥልኝ?

ላፕቶፕ ጠጋኙ፦ የካርዱን ዋት በቁጥር ትጠይቅ። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ሳይሆን የሚቀየር ይሁን። ዋስትናው ከአሜሪካ ውጪ ይሠራ እንደሆነ ከሻጩ በጽሑፍ ትቀበል። ካርቶኑን ሳትከፍት ሻንጣ ውስጥ እንዳትከተው አደራ በያት። እዚያው ከፍታ ጥቂት ቀን ትሥራበት፤ ፋኑ ከልክ በላይ ከጮኸ ወይም ስክሪኑ ነጥብ ካለው የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ትቀይረው። ቦሌ ከገባ በኋላ ችግሩ ያንቺ ነው።