እናቴ ዳሌዋ ሊቀየር ነው፣ ነርቭ ብሎክ ታድርግ ወይስ ይቅር?

እህት ከሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 71 ዓመቷ ነው፣ የቀኝ ዳሌዋ መገጣጠሚያ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀየራል። ከሆስፒታሉ ደውለው ከወገብ በታች ከሚያደነዝዘው የወገብ መርፌ በተጨማሪ ነርቭ ብሎክ (ህመም እንዳይሰማ ነርቭን የሚያደነዝዝ መርፌ) እናድርግላት ወይ አሉን። እኔ ስተረጉምላት “ነርቭ” የምትለዋን ቃል ስትሰማ ደነገጠች። “ነርቬን ነክተው ሽባ ሊያደርጉኝ ነው?” ብላ ቡናዋን ሳትጨርስ ተነሳች። በቤተሰቡ ያየ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሰመመን ሰጪ፦
እህቴ፣ ስራዬ ነው። ነርቩን አይወጉትም። በአልትራሳውንድ እያዩ መድኃኒቱን ነርቮቹ በሚያልፉበት ቦታ፣ ብሽሽት አካባቢ ያፈሱታል። የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል የሚወጉን መርፌ ራሱ እኮ ነርቭ ብሎክ ነው። ቋሚ ጉዳት ሊደርስ ቢችልም በጣም አልፎ አልፎ ነው። ህመሙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፣ ግን ለግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ቀን ያስታግሳል፣ በዚያ ላይ እንደ ሞርፊን ያሉትን መድኃኒቶች ይቀንስላቸዋል፣ በእሳቸው እድሜ ደግሞ ሞርፊን ሲበዛ ያስመልሳል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያቃዣል።

ዋናው ጥያቄ የትኛው ብሎክ ነው የሚለው ነው። የድሮው ፌሞራል ብሎክ ትልቁን የጭን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ የጭን ጡንቻን ያዝላል፣ ሲነሱ ጉልበት ይከዳል። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ፔንግ (PENG) የሚባለው ብሎክ ግን መገጣጠሚያው ጋ የሚሄዱትን ትንንሽ የነርቭ ቅርንጫፎች ስለሚያደነዝዝ እግሩን ያን ያህል አያዝልም። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ዛሬውኑ ተናገሪ፣ በተለይ ለወገቡ መርፌ ወሳኝ ነው።

የአባባ ልጅ፦
አባቴ አድርገው ነበር። ማታ “ምንም አላመመኝም” ብለው ኪኒናቸውን አልዋጥም አሉ፣ እኛም ዝም አልን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ማደንዘዣው ሲለቅ አልጋውን ጨምድደው ይዘው አገኘኋቸው። ኪኒናው ህመሙ ሳይመጣ በሰዓቱ ይዋጥ! ሌላው፣ ሽንት ቤት ብቻቸውን እንዳይሄዱ፣ እግራቸው ደህና ቢመስላቸውም መደገፊያውን (ዎከሩን) ይዘው፣ ሰው አጠገባቸው ሆኖ።

እህት ከሜሪላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደውዬ ጠየቅኩ፣ ፔንግ ነው አሉኝ። የኪኒናውን ሰዓት ስልኬ ላይ ሞልቻለሁ። ለእማዬ የጥርሱን ነገር ስነግራት ትንሽ አሰብ አደረገችና “እሱንማ አውቀዋለሁ፣ ከንፈሬ ነው ድንዝዝ ያለው፣ ማታ ለቀቀኝ” አለች።