የአጋንንቱን እውነተኛ ስም ማን ምን ያህል እንደሚያውቅ በምን ልያዝ?

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለአምስት ተጫዋቾች ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በዳይስ ታሪክ የሚጫወትበትን ጨዋታ) እመራለሁ። ታሪኩ ውስጥ ስምንት አጋንንት አሉ፤ እያንዳንዱ ሕዝብ የሚያውቀው ስም፣ ማዕረግና የተደበቀ እውነተኛ ስም አለው። እውነተኛው ስም የሚገኘው በቁርጥራጭ ነው፤ አንዱ ግማሹን ይሰማል፣ ሌላው የቀረውን። ማን ምን እንደያዘ በደብተር መከታተል አስቸግሮኛል። ምን ትላላችሁ?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦ አብሽር ወንድሜ፣ ካርድ ይሻላል። ኤ4 ወረቀት አራት ቦታ ቁረጥ፤ ለአንድ ጋኔን አንድ ቁራጭ። ፊቱ ላይ የሚታወቅበትን ስም፣ ማዕረጉንና የሚገኝበትን ቦታ ጻፍ። ጀርባው ላይ እውነተኛውን ስም በሳጥን በሳጥን ከፋፍለው፦ ዘ | ረ | ቀ | ማ | ን። ከየሳጥኑ ሥር ፊደሉን ማን እንዳገኘና በስንተኛው ጨዋታ እንደተገኘ ጻፍ። የምትጽፈው የተጫዋቹን ሳይሆን የገጸ ባሕርይውን ስም ነው፤ ገጸ ባሕርይው ከሞተ ለማንም ያልነገረው ፊደል አብሮት ይቀበራል። ካርዱ ከእጅህ አይውጣ፤ ለሰማው ሰው ብቻ ፊደሉን በብጣሽ ወረቀት ስጠው። እያንዳንዱን ፊደል ደግሞ ቢያንስ ሁለት ቦታ ደብቅ፤ አንድ ቦታ ብቻ ካስቀመጥከውና ካለፉት ጨዋታው እዚያው ይቆማል።

መልስ (ከወልድያ)፦ የካርዱ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ የፊደሉ ነገር ግን ከመጀመሪያው ካልተወሰነ ጭቅጭቅ ያመጣል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በአፍ አንድ ናቸው። ስም የሚሠራው ሲጠራ ስለሆነ ድምፁ ከተስማማ ቁጠርለት። በኮምፒውተር ሰንጠረዥ የምትይዝ ከሆነ በሰ ስትፈልግ በሠ የተጻፈውን ላያወጣልህ ስለሚችል ከየቡድኑ አንዱን መርጠህ በእሱ ብቻ ጻፍ።

ትልቁ ሀብትህ ግን መጥበቅና መላላቱ ነው። ብራና ላይ «ዘረቀማን» የሚል ያገኘ ተጫዋች ፊደሉ ሁሉ በእጁ ነው፤ ቀ ይጥበቅ ይላላ ግን አያውቅም። ስሙ ሲጠራ በጆሮው የሰማ ሰው ፈልጎ ማግኘት አለበት። አንተ በካርድህ ላይ ከሚጠብቀው ፊደል አናት ሁለት ነጥብ አድርግ። «ስሙን እጠራለሁ» የሚል ተጫዋች አይበቃም፤ በአፉ ይጥራው።

መልስ (ከሐይቅ)፦ ስሙ ምን እንደሚያስገኝም ካርዱ ላይ ይስፈር። በፈረንጆቹ 2017 በወጣው የጨዋታው ማስፋፊያ መጽሐፍ ውስጥ ባለው «ሰመን ግሬተር ዲመን» በሚባለው የጥሪ አስማት የተጠራ ጋኔን በየተራው መጨረሻ ከጠሪው ትእዛዝ ለመውጣት ዳይስ ይጥላል። እውነተኛ ስሙ ከተጠራበት ሁለት ጥሎ ትንሹን ይወስዳል፤ ማምለጡ ይከብደዋል እንጂ ለዘላለም አይታሰርም። «ጌት» የሚባለው አስማት ላይ ደግሞ ማዕረግም ቅጽል ስምም አይሠራም፤ ሦስቱ ስሞች እንዳይደባለቁብህ የምልህ ለዚህ ነው።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ስሞቹን ከዛርና ከክታብ ብወስድስ?

መልስ (ከደሴ)፦ ተው የኔ ወንድም። እዚህ ወሎ ዛርና ውቃቢ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ከተጫዋቾችህ የአንዱ አያት ቤት አሁንም የሚጠራ ስም ልታነሳ ትችላለህ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጨነቃል፤ ጨዋታው ይበርዳል። ራስህ ፍጠር፦ ከአራት እስከ ስድስት ፊደል ይሁን፣ ስምንቱም በተለያየ ድምፅ ይጀምሩ፣ አለዚያ ብጣሾቹ ይምታታሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ጮክ ብለህ ጥራው፤ የሰው ስም ወይም ስድብ ከመሰለ ለውጠው።