ሜሴጅ ይገባል፣ ኮድ ግን አይመጣም፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስልኬ ባለ ሁለት ሲም አንድሮይድ ነው። ሰው የሚልክልኝ ሜሴጅ ያለ ችግር ይገባል። የማረጋገጫ ኮድ ግን የውሃ ሽታ ሆኗል። የባንኩ አፕ «ኮድ ልከናል» ይለኛል፣ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ጂሜይልም እንደዚያው። ቴሌግራምን ላፕቶፕ ላይ ልከፍት ስልም ያው ነው። ስልኩን አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ የሞላ ሜሞሪም የለኝም። ደመወዜ ያለው እዚያ አካውንት ውስጥ ስለሆነ ጨንቆኛል።

የአዳማ ልጅ፦ ቁጥርሽን እንዴት ነው የምትጽፊው? ፊት ለፊቱ +251 ካለ 0ዋን ጣያት። ከ251 ቀጥሎ 9 ወይም 7 ነው የሚመጣው። ሁለቱንም ሲም እዪ፤ ባንክ ያስመዘገብሽው የትኛውን ነው? እሱ ሴቲንግ ውስጥ ጠፍቶ እንዳይሆን። ካልሆነም የኤስኤምኤስ ሴንተር ቁጥሩን አስተካክዪ።

ጠጋኙ፦ የአዳማው ወንድሜ ስለ 0ዋና ስለ ሲሙ ያለው ልክ ነው። የኤስኤምኤስ ሴንተሩን ግን እንዳትነኪው። እሱ አንቺ የምትልኪው ሜሴጅ የሚያልፍበት ቁጥር ነው፤ ከሚመጣልሽ ጋር አይገናኝም። ከተበላሸ ጭራሽ መላክም ያቅትሻል።

ይልቅ ሲሙን አውጪና አንድ ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ክተቺው። ከዚያ ኮድ አስልኪ። እዚያ ከገባ ኔትወርኩም ባንኩም ነጻ ናቸው፣ ጣጣው ያለው ስልክሽ ውስጥ ነው። እዚያም ካልገባ ስልክሽን መጎርጎር ተዪና ባንኩን ወይም ኦፕሬተሩን ጠይቂ። ሰው ይህችን ሳይሞክር ስልኩን ፎርማት ያስደርግና ፎቶውን ሁሉ አጥቶ ኮዱም ሳይመጣለት ይቀራል።

ቡና ጠጪ፦ የቴሌግራሙ ሌላ ጉዳይ ነው። አካውንትሽ ስልክሽ ላይ ክፍት ከሆነ ኮዱን የሚልከው እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ነው፣ በኤስኤምኤስ አይደለም። ስልክሽ ላይ «ቴሌግራም» የሚል፣ ሰማያዊ ምልክት ያለው ቻት ፈልጊ። ከሌሎቹ ቻቶች ስር ተቀብሮ ሊሆን ስለሚችል ወደ ታች ወርደሽም እዪ። ደግሞ «ድጋሚ ላክ»ን አትደብድቢው። አዲስ ኮድ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የድሮው ይሞታል፣ ሲበዛም ለተወሰነ ሰዓት ያግዱሻል።

ፈጣን እርዳታ፦ እህት፣ ስልክ ቁጥርሽን በውስጥ ላኪልኝ። ኮዱ ሲመጣ ብቻ ንገሪኝ፣ በ5 ደቂቃ እጨርስልሻለሁ።

አስተዳዳሪ፦ ከላይ ያለው ሰው ተባሯል። ኮድ ለማንም አይነገርም። ከባንክ ነው የምደውለው ለሚልም አይነገርም።

ጠያቂዋ፦ ቴሌግራሙ ተገኘ፣ ከሌሎቹ ቻቶች ስር ተቀብሮ ነበር! ሲሙን እናቴ ስልክ ላይ ከተትኩት፤ የባንኩም ኮድ ወዲያው ዱብ አለ። ስልኬ ነው ማለት ነው። አሁንስ?

ጠጋኙ፦ የደዋይ ስም የሚያሳይ አፕ ጭነሻል? እነዚህ አፖች ሲጫኑ «ዋናው የሜሴጅ አፕ ልሁን?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰው ሳያነብ እሺ ይላል፣ ማን ያነባል። ከዚያ በኋላ ሜሴጅሽን የሚያስተናግዱት እነሱ ናቸው። በድርጅት ስም ወይም በአጭር ቁጥር የመጣውን ማስታወቂያ መስሏቸው ለብቻ ሊያስቀምጡት ይችላሉ፣ ድምፅም ላያሰሙ ይችላሉ። ባንክ ደግሞ የሚልክልሽ እንደዚያ ነው። የጓደኛሽ ሜሴጅ እየገባ ኮዱ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ሴቲንግ፣ ከዚያ አፕስ፣ ከዚያ ዲፎልት አፕስ ግቢ። ኤስኤምኤስ አፕ በሚለው ላይ ስልኩ ይዞት የመጣውን ምረጪ። እሱም የራሱ «ስፓምና ብሎክድ» የሚል ክፍል አለው፤ ባንኩ እዚያ ከተገኘ «ስፓም አይደለም» በዪው። ስሞቹ እንደ ስልኩ ዓይነት ትንሽ ይለያያሉ።

ጠያቂዋ፦ ጋሼ እጅዎ ይባረክ! ኮዶቹ ሁሉ «ፕሮሞሽን» የሚል ቦታ ታጭቀው አገኘኋቸው። ቀየርኩት፣ አሁን ይገባል።

ቡና ጠጪ፦ አይፎን የያዛችሁ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ የሜሴጅስን ገጽ እዩ። የማታውቁትን ላኪ የሚለይ ፊልተር አለው፤ ከበራ ኮዱ ሌላ ዝርዝር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ዱባይ ነኝ፦ በዚሁ ልጠይቅ። የአገር ቤት ሲሜን እዚህ ይዤዋለሁ፣ የባንክ ኮድ አይገባም። ዳታ ሮሚንግ ከፍቼም አልሆነም።

ጠጋኙ፦ ኤስኤምኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ዳታውን ዝጋው፤ ብርህን ይበላዋል። የሚያስፈልግህ ሲሙ ላይ የሮሚንግ አገልግሎቱ ራሱ፣ ማለትም ሲሙን ውጭ አገር የሚያሠራው፣ መከፈቱ ነው። ከላይ የዚያ አገር ኔትወርክ ስም ይታያል? ካልታየ ኔትወርክ ምርጫ ውስጥ ግባና በእጅህ ምረጥ። አሁንም እምቢ ካለ ሮሚንጉ አልተከፈተ ይሆናልና ኦፕሬተሩን ጠይቅ። ለጂሜይል ግን ኦተንቲኬተር አፕ ጫን፤ ኮዱን ስልኩ ራሱ ያወጣዋል፣ ሲምም ኔትወርክም አይጠይቅም። ጂሜይል ለክፉ ቀን የሚሰጥህን ባክአፕ ኮዶችም ወረቀት ላይ ጻፋቸው።