ተጣጣፊው የጨረር ሉህ ሲታጠፍ የሚሰጠው የጨረር መጠን ይለዋወጥብኛል፤ እርዱኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ? የባዮሜዲካል ምህንድስና ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ አንድ ቦታ ላይ ቆሞብኛል።

የምነድፈው ስስ የሲሊኮን ሉህ ነው። ሐኪሙ ዕጢውን ከዳሌ ግድግዳ ላይ ካወጣ በኋላ፣ የቀረ የካንሰር ሕዋስ ካለ ጨረሩ እንዲገድለው እዚያው ይሰፋዋል። ውስጡ በ1 ሴንቲሜትር ልዩነት ጨረር የሚያመነጩ የፓላዲየም-103 ፍሬዎች ተደርድረዋል። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 17 ቀን ገደማ ነው። ጨረሩ ዝቅተኛ ጉልበት ስላለው፣ 21 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ፣ 0.05 ሚሊሜትር ወርቅ ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። ስለዚህ ከጀርባው ወርቅ አድርጌ አንጀትን መከለል እፈልጋለሁ። ለእኔ የሥራው ዋና ቁም ነገር ይሄ ነው። አንጀቱ ከተጎዳ ታካሚው ካንሰሩ ቢጠፋለትም በሌላ ይሠቃያል።

ችግሩ መታጠፉ ላይ ነው። ወርቁን አንድ ወጥ ሳደርገው ሉሁ ይገተራል፣ ይጨማደዳል። በየፍሬው ጀርባ ትንንሽ ክብ ወርቅ ሳደርግ በደንብ ይታጠፋል፤ ግን በክፍተቶቹ በኩል ጨረር ወደ አንጀት ይሾልካል። በዚያ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ሲነጠፍ ጨረሩ ወደ ውጭ ይበታተናል። 5 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ የሚደርሰው የጨረር መጠን፣ ሉሁ ጠፍጣፋ ነው ብዬ ካሰላሁት ያንሳል። የተለመደው የጨረር መጠን ማስሊያ ቀመር፣ ቲጂ-43፣ ደግሞ ዙሪያው ሁሉ ውሃ ነው ብሎ ስለሚነሳ ወርቁን አይቆጥርልኝም። ስለዚህ ሞንቴ ካርሎ፣ ማለትም የጨረሩን ጉዞ በኮምፒውተር በዕድል እያስመሰለ የሚያሰላውን ዘዴ፣ ጀምሬያለሁ።

ክቦቹን እንደ ዓሣ ቅርፊት ማደራረብ ያዋጣል? ወይስ እየተፋተጉ ሲሊኮኑን ይበሉታል? በጨረር ቀለሙን የሚቀይር ፊልም ጠማማ ፋንተም (የሰውነት ምትክ የመለኪያ ሞዴል) ላይ ለጥፎ የለካ ካለ፣ ለዚህ ዝቅተኛ ጉልበት ፊልሙን እንዴት ካሊብሬት እንዳደረገው (የቀለም ለውጡን ከታወቀ የጨረር መጠን ጋር እንዳመሳከረው) ይንገረኝ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሞችም ካላችሁ፣ ስፌቱ በሉሁ ጠርዝ ብቻ ቢያልፍ ይበቃችኋል?