ለአደን ቀላልና ውሃ የማያስገባ ጫማ፦ ምን ልምረጥ?

ጠያቂ፦
አደን ስወጣ ቀኑን ሙሉ ዳገት ቁልቁለት ነው። ጠዋት ጤዛ፣ ከሰዓት ጭቃ። የጎማ ቦቲዬ ውሃ አያስገባም፤ ግን ይከብዳል፣ እግሬም በላብ ይርሳል። ቀለል ያለ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጫካ ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ ጎማ ላቡንም አያስወጣማ! ከውስጥ እንደ ጎርቴክስ ያለ ስስ ሽፋን ያለው ጫማ ፈልግ። የውሃ ጠብታ ይከለክላል፣ የላብ እንፋሎት ያሳልፋል። ጥንዱ ከ1.5 ኪሎ ባይበልጥ ደስ ይለኛል፤ እግር ላይ ያለ ክብደት ጀርባ ላይ ካለው የበለጠ ያደክማል። «400 ግራም» የሚል ካየህ የጫማው ክብደት እንዳይመስልህ። የሙቀት መጠበቂያው ሙሌት በካሬ ሜትር የሚመዝነው ነው። እሱ ብርድ ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቅ እንጂ እንዳንተ ለሚሄድ ሰው አይሆንም።

ዳገት ወጪ፦
የላይኛው ቆዳ ውሃ ከጠጣ እንፋሎቱም መውጫ ያጣል። ውሃ የሚያንሸራትት ቅባት አልፎ አልፎ ቀባው። እሳት ዳር ግን አታድርቀው፣ ሙጫው ይለቃል።

ጠያቂ፦
ካልሲስ?

ጫካ ወዳጅ፦
ሱፍ። ጥጥ እርጥበት ይዞ ያቆስልሃል። ጫማውንም ካልሲውን አድርገህ፣ ወደ ማታ እግርህ ትንሽ ሲያብጥ ለካው።