ሜክሲኮ ውስጥ ጸጥ ያለ የባሕር ዳር ማረፊያ፣ እንስሳትም የሚታዩበት፣ የት ልሂድ?

የጠዋት ጤዛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ለአንድ ሳምንት ሜክሲኮ ባሕር ዳር ማረፍ አስበናል። ከዚህ በፊት ካንኩን አንድ ትልቅ ሆቴል ገብተን ነበር። አልጋውም ምግቡም ምንም አይወጣለትም፣ ግን መዋኛው ዳር ከጠዋት እስከ ማታ ሙዚቃ ይጮሃል፣ የባሕሩን ድምፅ በቅጡ ሳንሰማ ተመለስን። አሁን የምፈልገው የዚያን ተቃራኒ ነው። በጠዋት ተነስቼ ቡናዬን ይዤ ባሕሩን ማየት። እንስሳትንም ማየት እፈልጋለሁ፣ ግን ገንዳ ውስጥ ተዘግቶባቸው ትርኢት የሚያሳዩትን ሳይሆን በገዛ ቤታቸው ያሉትን።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ጤነኛ ናት፣ ዋና ግን አትችልም። ጊዜው ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት መቼም ይሁን ይመቸናል። የሄዳችሁበት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ከሰው የራቀ ቦታ እናቴን ያስቸግራት ይሆን?

ሰሜን ነፋስ፦
እህቴ፣ እኔ ሳልጠራጠር የምልሽ ላጉና ሳን ኢግናሲዮ ነው። ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር በሚባለው የሜክሲኮ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ በፓስፊክ በኩል። ሪዞርት ብለሽ ካሰብሽ ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ባሕሩ ዳር የተተከሉ ድንኳኖችና ትንንሽ የእንጨት ጎጆዎች ናቸው። መብራቱ ከፀሐይ ነው። ገላ መታጠቢያ ውሃ በቁጠባ ነው። ስልክ አይሠራም ብለሽ ተነሺ። ማታ ሁሉም አንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ አብሮ ይበላል፣ ከዚያ በጊዜ መተኛት ነው፣ እንዲያ ያለ እንቅልፍ በሕይወቴ ተኝቼ አላውቅም።

የሚኬደው ለግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ነው። ሞቃቱን ወራት አላስካ በላይ ባለው የአርክቲክ ባሕር ሲበሉ ይቆዩና በብርዱ ወራት ወደ ባሃ ሐይቆች ይወርዳሉ፤ ሐይቅ የምላቸው ከባሕሩ ጋር የተገናኙ፣ ጨዋማ ውሃ ያላቸው ናቸው። ደርሶ መልሱ ከ16,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ይጣመራሉ፣ ይወልዳሉ፣ ግልገሉን ያጠባሉ። ገና ሲወለድ 4.5 ሜትር ያህል ነው፣ እናቱ ደግሞ እስከ 14 ሜትር ትደርሳለች። የምትሳፈሪባት ፓንጋ የሚሏት ክፍት ጀልባ የእናትየዋን ግማሽ ብትሆን ነው።

እና የሚገርመው ራሳቸው ይመጣሉ። አሳዳችሁ አይደለም። ካፒቴኑ ቀስ ብሎ ይገባና ማርሹን ፎሌ አድርጎ ይጠብቃል። እኛ የመጀመሪያው ቀን ሩቅ ሲተነፍሱ ብቻ አየን። ሁለተኛው ቀን ግን አንዲት እናት ከጀልባችን ሥር አልፋ በሌላው በኩል ወጣች፣ ግልገሏን ከታች በጀርባዋ ደግፋ ወደ እኛ ገፋ አደረገችው። እጄን ውሃው ላይ ዘርግቼ ነበር። ቆዳው ልስልስ ነው፣ ልክ የተላጠ የተቀቀለ እንቁላል። አለቀስኩ፣ አጠገቤ የነበሩትም አለቀሱ።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ታሪኩ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳኞች እነዚሁ ሐይቆች ውስጥ ገብተው እናቶቹን ከነግልገላቸው ጨርሰዋቸው ነበር፣ እናቶቹም ልጃቸውን ለማዳን ጀልባ እየሰበሩ ስለተዋጉ «የሰይጣን ዓሣ» የሚል ስም ወጣላቸው። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ለረጅም ጊዜ ይፈሯቸው፣ ይሸሿቸውም ነበር። በ1972 ፓቺኮ እያሉ የሚጠሩት ፍራንሲስኮ ማዮራል የሚባል ዓሣ አጥማጅ አንዷ ጀልባው ላይ ተጠግታ አልሄድ ስትለው እጁን ሰዶ ነካት። ዛሬ ካፒቴን ሆነው የሚወስዷችሁ የእነዚያ አጥማጆች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ቦታው ከ1988 ጀምሮ የኤል ቪስካይኖ ጥብቅ ሥፍራ አካል ነው፣ በ1993 ደግሞ ዩኔስኮ መዝግቦታል። እዚያው ትልቅ የጨው ማምረቻ ሊሠራ ታቅዶ ነበር፣ ከብዙ ተቃውሞ በኋላ በ2000 ቀረ።

ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ሂዱ። ግልገሎቹ ጠንከር የሚሉትና እናቶቹ ወደ ሰው የሚጠጉት ያኔ ነው።

አሸዋና ኤሊ፦
የሰሜን ነፋስ ያለው እውነት ነው፣ ግን ቀዝቃዛ ነፋስ የማይወድ ሰው ካለ በደቡብ ሜክሲኮ፣ በፓስፊክ ዳር ያለችውን ኦሃካንም አስቡበት። ማዙንቴ የምትባል መንደር አለች፣ ከጎኗ ሳን አጉስቲኒዮ። ትልልቅ ሆቴል የለም። ጣሪያቸው በዘንባባ ቅጠል የተከደነ ማረፊያዎች ናቸው፣ ሐማክ በሚሉት የተንጠለጠለ የመረብ አልጋ ላይ ተኝተሽ ማዕበሉን ትሰሚያለሽ።

እዚያ አካባቢ ሰው የሚኖረው ኤሊ አርዶ በመሸጥ ነበር። በ1990 መንግሥት ሙሉ በሙሉ ከለከለ። መንደሩ በአንድ ጊዜ እንጀራው ተቋረጠ ማለት ነው፣ ቀላል አልነበረም። አሁን ማዙንቴ የኤሊ ማዕከል አለ፣ ሰዉም ከእንግዳ ነው የሚኖረው። ጥቂት ራቅ ብሎ ላ እስኮቢያ በሚባለው ዳርቻ ደግሞ ኦሊቭ ሪድሊ የሚባሉት የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል በሺዎች ሆነው በአንድ ሌሊት ይወጣሉ። አንዷ ብቻዋን 100 ገደማ እንቁላል ትጥላለች፣ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ይፈለፈላሉ። እኛ የሄድነው ኦገስት ላይ ነበር፣ ጫጩቶቹ አመሻሽ ላይ ሲለቀቁ አይተናል። አንድ ነገር አደራ፣ ማንም «በእጅሽ ያዢና ፎቶ ተነሺ» ቢልሽ እምቢ በይ። አሸዋው ላይ ራሳቸው ነው መሄድ ያለባቸው፣ ፍላሽም ያደናግራቸዋል።

ላ ቬንታኒያም ቅርብ ናት። የመንደሩ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው በትንሽ ጀልባ ማንግሮቭ በሚሉት፣ ውሃ ውስጥ በበቀለ ደን መሃል ይወስዷችኋል፣ አዞና ብዙ ወፍ ይታያል። ለእናትሽ ይመቻል፣ ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ባሕሩ ግን እዚያ ዳርቻ ኃይለኛ ነው፣ በተለይ ሲፖሊቴ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ የሚጎትት ሞገድ አለ። ዋና የማይችል ሰው እግሩን ከማርጠብ በላይ አይግባ።

ሰማያዊ ጠርሙስ፦
አጭር ማስጠንቀቂያ ብቻ። ለጸጥታው ብላችሁ ካሪቢያን በኩል ራቅ ያለ ቦታ የምትይዙ ከሆነ ወሩን ተጠንቀቁ። እኔ ሜይ ላይ አንድ ማረፊያ ይዤ ሄድኩ፣ ፎቶው ላይ ያለው ነጭ አሸዋ ሳርጋሰም በሚባል ቡናማ የባሕር አረም ተሸፍኖ ነበር፣ ሲበሰብስ የሚሸተው የተበላሸ እንቁላል ነው። ከማረፊያው ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ከኤፕሪል እስከ ኦገስት ይበዛል። ወደ ፓስፊክና በባሃና በዋናው ሜክሲኮ መሃል ወዳለው ኮርቴስ ባሕር ሂዱ፣ እዚያ ይሄ ጣጣ የለም።

የጠዋት ጤዛ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለእናቴ አነበብኩላት። «ዓሣ ነባሪዋ ልጇን ወደ ሰው ገፋችው?» ብላ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ጠየቀችኝ። እንግዲህ ልቧ ሄዷል። ሰሜን ነፋስ፣ ሦስት ጥያቄ አለኝ። መንገዱ ከባድ ነው? ጀልባው ዋና ለማይችል ሰው ያሰጋል? ደግሞስ እንዲህ ሰው እየሄደ ሲነካቸው አይጎዳቸውም? እሱ ነገር ከንክኖኛል።

ሰሜን ነፋስ፦
የመጨረሻውን ጥያቄሽን ወደድኩት፣ ከእሱ ልጀምር። ሐይቁ ውስጥ ጎብኚ የሚፈቀደው ከባሕሩ ጋር በሚገናኝበት አፉ አካባቢ ባለው ክፍል ብቻ ነው። ውስጠኛው፣ ብዙ የሚወልዱበት፣ ለጎብኚ ዝግ ነው። በአንድ ጊዜ የሚገቡት ጀልባዎች ቁጥርም የተወሰነ ነው፣ ጊዜያችሁ ሲያልቅ ለሌላው ትለቃላችሁ። አብሮ መዋኘት ክልክል ነው። ዓሣ ነባሪዋ ካልፈለገች አትመጣም፣ ካፒቴኑም አይከተላትም። እውነቱን ልንገርሽና፣ ትልቁ ችግራቸው እዚያ አይደለም። ከ2016 ወዲህ ቁጥራቸው በግማሽ ገደማ ቀንሷል፣ ተመራማሪዎች የሚጠረጥሩት ሰሜን ላይ የሚበሉት ነገር ማነሱን ነው። ስለዚህ ሂዱ፣ ግን ብዙ ግልገል እናያለን ብላችሁ አትጠብቁ። አንድ ያያችሁ እንደሆነ እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

መንገዱ፦ ሎሬቶ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ግማሽ ቀን በመኪና። መጀመሪያ ሳን ኢግናሲዮ ከተማ ትደርሳላችሁ፣ በረሃው መሃል የቴምር ዛፍ የሞላባት ጥላ ናት፣ የድሮ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አላት። አንድ ሌሊት እዚያ እደሩ፣ ለእናትሽም እረፍት ነው። በማግሥቱ ወደ ሐይቁ ትወርዳላችሁ። ሌሊት ግን አትንዱ፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ላም ይተኛበታል።

ጀልባው ላይ ሁሉም የሕይወት ጃኬት ይለብሳል። እናትሽን መሃል አስቀምጧቸው፣ ጠዋት ባሕሩ ስለሚረጋ በጠዋቱ ዙር ይውጡ። ወፍራም ጃኬትና ኮፍያ ይያዙ፣ ውሃ የማያስገባ ልብስ ከላይ።

አሸዋና ኤሊ፦
እኔ ልጨምር። ሳምንቱ ካልሞላላችሁ ሁለት ቀን እዚያው ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር ውስጥ ባለችው ላ ፓስ ከተማ አድርጉ። ከዚያ በጀልባ ኤስፒሪቱ ሳንቶ ደሴት ትሄዳላችሁ፣ ጫፏ ላይ ሎስ ኢስሎቴስ የሚባሉ ድንጋዮች አሉ፣ የባሕር አንበሶች መንጋ ተኝቶባቸዋል። ባለቤትሽ ዋና ከቻለ አብሯቸው ይገባል፣ ትንንሾቹ እየመጡ ዙሪያውን ይጫወታሉ። ከጁን እስከ ኦገስት ዋናው ይዘጋል፣ የመውለጃ ጊዜያቸው ስለሆነ። ማርች ላይ ግን ክፍት ነው።

የጠዋት ጤዛ፦
እንግዲያው ማርች መጀመሪያ። አራት ሌሊት ሐይቁ ዳር፣ አንድ ሳን ኢግናሲዮ፣ ሁለት ላ ፓስ። ባለቤቴ ድንኳን ውስጥ ካምፕ አልጋ ይኖራል ወይ እያለ ነው፣ እናቴ ግን አሁኑኑ ጃኬት እየፈለገች ነው።

ሰሜን ነፋስ፦
አልጋ አለ፣ ብርድ ልብስም አለ። ሌሊት ነፋሱ ጸጥ ሲል ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። እዚያው ተኝታችሁ ዓሣ ነባሪዎቹ ሲተነፍሱ ይሰማል።